እናቲቱስ ምን አለች?

ኮሲሞ፣ ጣሊያን አገር ሌቼ ከተማ ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የመጣው፣ የአባቱ ሞክሼ የቅዱስ ፍራንቸስኮ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሰው ሳይ ከመደርደሪያ ጀርባ መደበቅ ልማዴ ነበር፤ እሱ ግን ቀደመኝ።

«እህት፣ ፍራንቸስኮ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል አንባቢው ሁሉ ዞረ። ለአባቱ በሚሰጠው ካርድ ላይ ሊጽፈው ፈልጎ ነው።

አቀርቅሬ ነገርኩት። ጳጳሱን ፍራንቸስኮንም ኳስ ተጫዋቹን ፍራንቸስኮ ቶቲንም ያውቃል፤ የአሲሲውን ቅዱስ ታሪክ ግን አልሰማም። ቅዱሱ ሲወለድ አባቱ ለጨርቅ ንግድ ፈረንሳይ ነበር። እናቱ ጆቫኒ ብላ አስጠመቀችው። አባት ተመልሶ ስሙን ለወጠው፤ «ፈረንሳዊው» ለማለት ፍራንቸስኮ አለው።

«እናቲቱስ ምን አለች?»

«የጻፈው የለም።»

«ምስኪን...» አለ።

በዚህች አንድ ቃል ወደድኩት።

ተጋባን። እኛ አገር የበኩር ወንድ ልጅ የባልን አባት ስም ይወርሳል። አባቴ ኦሮንዞ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበረውም። ታሞ ተኝቶ «ሞክሼ ሳይኖረኝ ልሄድ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። አንድ ቀን ኮሲሞ እጁን ያዘው።

«ሞክሼዎ ይመጣል፣ አባባ ኦሮንዞ። ቃሌ ነው።»

አባቴ የዚያን ቀን ሾርባውን ጨረሰ። በሳምንቱ ሞተ።

ልጃችን በቀዶ ጥገና ተወለደ። እኔ ከአልጋ መነሳት ስላልቻልኩ፣ ሊያስመዘግበው ማዘጋጃ ቤት የሄደው ኮሲሞ ነው። አማቴ፣ አባቱ ፍራንቸስኮ፣ ተከትለውት ሄዱ። ሲመለሱ የጣፋጭ ካርቶን ታቅፈዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሞክሼዬ የታለ?» አሉ።

ኮሲሞን አየሁት። ጫማውን ያያል።

አባቱ ከወጡ በኋላ፣ «አጠገቤ ቆመው ነበር... አልቻልኩም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አባትሽ እንደሆነ አሁን አይሰሙም» አለ።

የመጀመሪያውን ይቅር ልለው እችል ነበር።

ስፌቴ እንደተፈታ ልጄን ታቅፌ እናቴ ቤት ገባሁ።

ልጄ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮንዞ እለዋለሁ። እሑድ እሑድ ኮሲሞ ሊወስደው ይመጣና ከደጅ «ፍራንቸስኮ!» ብሎ ይጣራል። ልጄ ደስ ብሎት ይሮጣል።

እናቲቱ ምን እንዳለች አሁን የማውቅ ይመስለኛል። ምንም አላለችም። ጃኬቱን ቆልፋ በሩን ከፈተችለት።