ሁለት ዓመት የተጨመረለት ልጅ

በጉለሌ፣ ከቁስቋም ቁልቁል ሲወረድ፣ የዓለምወርቅ የምትባል እናት የባሕር ዛፍ ቅጠል እየሸጠች ሁለት ወንዶች ልጆቿን ያለ አባት አሳደገች። ታላቁ ስብሐት በ1973 ዓ.ም. «ነጎድጓድ» የተባለውን የቀበሌ ባንድ አቋቋመ፤ እሱ ጊታር፣ ሬድዋን ቤዝ፣ ዋቅጋሪ ድራም። የጊታሩ ስፒከር የተቀደደ ስለነበር ድምፁ እንደ አውሬ ያጉረመርማል። ስብሐት ግን ያንኑ ሻካራ ድምፅ ወደደው፤ አላስጠገነውም።

«ጅብ አስረህ ነው እንዴ የምትገርፈው?» ይሉታል ጎረቤቶች።

«ገና ሁለተኛውን አመጣለሁ» ይላል እየሳቀ።

ሳቁ ግን አልሰነበተም... በ1975 ሬድዋን ወደ ሱዳን ጠፋ፤ ቤዙን ቦጋለ ተረከበ። በ1977 ክረምት ስብሐት ደም ማሳል ጀመረ፤ ለመስቀል አልደረሰም። ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። አንድ ቀን የአሥራ ስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ዓምሃ አውርዶ ቢመታው ያው ጉርምርምታ ቤቱን ሞላው። እናቲቱ የሞተው የትኛው ልጇ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋት።

ጊዜው የአፈሳ ነበር። ቁመቱ የረዘመ ልጅ ሁሉ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይላካል። በሰፈሩ ደግሞ «የኪነት ልጅ አይነካም፤ መታወቂያ አለው» ይባል ነበር። መታወቂያው ግን የሚሰጠው አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ነው። ታዲያ እናት ምን ታድርግ? ቀበሌ ሄዳ «ሞልቶታል» ብላ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ዓምሃ በወንድሙ ቦታ ባንዱ ውስጥ ገባ።

በገባ በስድስተኛው ወር የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። የዓምሃ፣ የቦጋለና የዋቅጋሪ ስም ከዚያው ከባንዱ መዝገብ ተለቀመ። የዓለምወርቅ ነጠላዋን እየጎተተች የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሮጠች።

«ጓድ ዳኜ፣ ልጁ አሥራ ስድስት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝ።»

ዳኜ መዝገቡን ገልጦ ሐምራዊውን አሻራ አሳያት። «እትዬ፣ ዛሬ ሁሉም እናት እንዲህ ነው የምትለው። ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የኔ።»

«በቃ።»

ዓምሃ ዘማቾቹን የጫነው መኪና ላይ ሆኖ «እማዬ፣ ስፒከሩን እንዳታስጠግኚው» አላት። ሌላ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኘም።

በዓመቱ መርዶ መጣ። ዳኜ ወረቀቱን አነበበላት፤ «ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ» ሲል አቋረጠችው።

«አስተካክሉልኝ። አሥራ ሰባት ነው።»

«አሁን ምን ይለውጣል፣ እትዬ?»

«እዚህ የጻፋችሁት የኔ ልጅ አይደለም። የኔ አሥራ ሰባት ነው።»

ዳኜ ብዕሩን አነሳ፤ መልሶም አስቀመጠው።

እናት ሁሉ ለልጇ ዕድሜ እንዲጨመርለት ስትለምን ትኖራለች። የዓለምወርቅ ግን በገዛ እጇ ጨመረችለት... የጨመረችው ሁለት ዓመትም የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ ይዞት ሄደ።