እንደ መስኮቱ መልበስ

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ብርዱ ገና ባልለቀቀበት አንድ ማለዳ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የድጎማ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶችና አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ተሰልፈው ነበር። መንግሥት «ጧሪ ላጣ ሁሉ ድጎማ ይሰጠው» ብሎ አውጇል፤ አዋጁ አንድ ሲሆን መስኮቶቹ ግን ሁለት ነበሩ፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ።

በቀኙ መስኮት የሚቀመጠው ጸሐፊ «አቶ ሳሙና» ይባል ነበር፤ ንጹሕ ለብሶ ያልመጣውን ሁሉ ሰነፍና ሰካራም ነው ብሎ ይመልሰዋል። የግራዋ ደግሞ «ሆደ ባሻዋ» ናት፤ ቡትቶ ስታይ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ ደህና የለበሰች ከመጣችባት ግን «አንቺን ደግሞ ምን ጎደለሽ!» ብላ ታባርራለች። ሕዝቡም ሞኝ አይደለም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ እየገባ እንደየመስኮቱ ይለብስ ነበር።

አንዲት ልብስ አጣቢና የባሏ እህትም በዚያ ጠዋት እዚያው ነበሩ። ሁለቱም ባሎቻቸውን በጦር ሜዳ አጥተው በአንድ ክፍል ይኖራሉ። አጣቢዋ ድጎማው ዛሬ ካልተፈቀደላት ሰኞ ልጇን ለሕፃናት ማሳደጊያ መስጠቷ ነው፤ ይህን ስታብሰለስል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አድሯል።

«ያለችንን አንድ ደህና ካፖርት እኔ ለብሼ ወደ ሳሙና፤ አንቺ ቡትቶሽን ይዘሽ ወደ ሆደ ባሻዋ» አለቻት የባሏ እህት። «ኧረ ጎበጥ በይ እቴ! ጄኔራል መሰልሽ እኮ።»

«አንቺ የማትረቢ፣ አሁን ይሄ የሳቅ ሰዓት ነው?» አለች አጣቢዋ፤ ሳቀች ግን።

በግራው መስኮት የሚገባው ነፋስ ሆደ ባሻዋን ሲያስላት ስለሰነበተ፣ ጸሐፊዎቹ በዚያ ጠዋት ወንበር ተለዋውጠው ኖሯል። ሴቶቹ ይህን ያወቁት ተራቸው ደርሶ ፊት ለፊት ሲገጥሙ ነው፤ ታዲያ ወዴት ይሸሹ?

«ውሃ ጠፋ እንዴ?» አላት አቶ ሳሙና፤ ልብስ አጣቢዋን! «ሂጂ፤ አይገባሽም።» ከወዲያኛው መስኮትም «በዚህ ካፖርት ላይ ድጎማ?» ሲባል ተሰማ። አጣቢዋ የልጇ ፊት ድቅን አለባት።

ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ ገብተው ልብስ ሲቀያየሩ የጽሕፈት ቤቱ ሹም፣ ሻምበሉ፣ እጅ ከፍንጅ ያዟቸው።

«ምን ዓይነት ብልግና ነው ይሄ?»

«ጌታዬ፣ ጸሐፊዎችዎ ወንበር ተለዋወጡ፤ እኛም ልብስ ተለዋወጥን» አለች የባሏ እህት።

«መንግሥትን ማታለል ወህኒ እንደሚያስወርድ አታውቁም?»

አጣቢዋ ክፉኛ ፈራች፤ ዝም ብትል ግን ልጇን ማጣቷ ነው። «ሻምበል፣ ባሌ ሲሞት ምን ለብሶ እንደነበር የጠየቀኝ የለም፤ እኔን ግን ከልብሴ ሌላ የሚያይልኝ ጠፋ። ጉዳዬን ይስሙኝ፤ ከዚያ ያስሩኝ።»

ሻምበሉ የአዳራሹን መጋረጃ አስወልቀው በጸሐፊዎቹና በሴቶቹ መካከል አስወጠሩት። «በይ ተናገሪ፤ እናንተም ስሙ» አሉ። አጣቢዋ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ሰኞ ተናገረች፤ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ መጨረሻ ላይ ጸና።

«ይገባታል» አለ አቶ ሳሙና።

«ይገባታል እንጂ!» አለች ሆደ ባሻዋ እያሳለች።

የባሏ እህትም እንዲሁ ተፈቀደላት። መጋረጃው ሲገለጥ አቶ ሳሙና ያባረራትን ሴት አየና የሚገባበት ጠፋው፤ ሻምበሉም መጋረጃው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳይወርድ አዘዙ።

አጣቢዋ እየሮጠች ቤቷ ገባች፤ ልጇን እቅፍ አድርጋ «ሰኞ የትም አትሄጂም!» አለቻት፤ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ልጅቷም በእናቷ ጉያ አድጋ ለወግ ለማዕረግ በቃች።

የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ለድጎማው ሥርዓት መስተካከል ምስጋናውን ለሚኒስትሩ ሰጥተዋል፤ አጣቢዋ ብትሰማም ቅር የሚላት አይመስልም። ከዚያ ቀን በፊት ግን የለበሱት ልብስ ከመስኮቱ ጋር አልገጥም ብሎ ልጆቻቸውን አሳልፈው የሰጡ እናቶች ስንት እንደነበሩ፣ የጻፈም የጠየቀም የለም።