ከራሳቸው የሕይወት ታሪክ የተሰረዙት መምህር

ሉቃስ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል የሚሠራ ጨዋና ታታሪ ሰው ነው። አባቱ መምህር ዋቅጅራ ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ሲል፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ እንዲያስባቸው ወሎ ሰፈር አንድ የሆቴል አዳራሽ ያዘ። የሕይወት ታሪካቸውንም ራሱ ሊጽፍ ተቀመጠ።

ባለቤቱ ሰብሊ ከጀርባው ቆማ ስታነብ ሳቋ መጣ።

«ይሄ ‹አንጋፋ የግብርና ዘርፍ አማካሪ› የምትለው አባባን ነው?»

«ምን ላድርግ? አለቃዬ አቶ ግርማይ ይመጣሉ፤ የቢሮው ሰው በሙሉ ይመጣል። አባቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ እርሻ ሲያስተምሩ፣ ከሰዓት ደግሞ ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ኖሩ ልበላቸው?»

«ታዲያ የኖሩት እንደዚያ አይደል?»

«የኖሩትማ እንደዚያ ነው። በሰው ፊት አይወራም እንጂ።»

ይህ የሉቃስ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙዎቻችን የሞተብንን ሰው በሕይወቱ ያልለበሰውን ካባ እናለብሰዋለን። ተወለደ፣ ተማረ፣ በልዩ ልዩ ኃላፊነት አገለገለ እንላለን። የሚሳሳተው፣ የሚስቀው፣ የምንወደው ሰው ግን ከወረቀቱ ላይ የለም።

ቀኑ ደረሰና አዳራሹ ሞላ። የመምህሩ ባለቤት እማማ ፈለቀች ከፊት ተቀመጡ። ሉቃስ ከረባቱን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ።

«ክቡር አቶ ዋቅጅራ በዘርፉ ከፍተኛ አመራርና የፖሊሲ ምክር በመስጠት...»

«ልጄ፣» አሉ እማማ ፈለቀች፤ «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ይህ ሰውዬ ማን ነው?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሉቃስን ግን ላብ አጠመቀው።

«አባዬ ናቸው እንጂ፣ እማዬ።»

«እኔ ያገባሁት ሰው እጁ ሁልጊዜ አፈር አፈር ይሸት ነበር። በዚያ እጅ ነው ያሳደገህ። ያ ኑሯችን አሳፈረህ እንዴ?»

ሉቃስ አባቱን ከፍ ያደረገ መስሎት የእናቱንም ዕድሜ አብሮ እንደሰረዘ ያን ጊዜ ገባው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አባቴ የእርሻ መምህር ነበሩ፤» አለ ቀስ ብሎ። «ገበሬም ነበሩ። አንድ ቀን የጎረቤት ፍየል የተማሪዎቹን የጎመን መደብ ሙልጭ አድርጋ በላች። ሌላ ሰው ቢሆን ባለቤቷን ይከስ ነበር። አባዬ ግን ፍየሏን ጎትተው ክፍል አስገቧትና፣ ‹ጎመናችን ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ዛሬ በአራቱ የሆዷ ክፍሎች እንዴት እንደሚያልፍ እንማራለን› አሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ በኩል ሸሪፋ የምትባል፣ ቦሌ ለሚ አካባቢ ዶሮ የምታረባ የቀድሞ ተማሪያቸው ብድግ አለች።

«የፖም ዛፋቸውስ ነገር! እዚህ አይበቅልም ሲሏቸው በእልህ ተከሉት። ስንት ዓመት ጠብቀን አንዲት ፍሬ ብቻ አፈራ። እሷኑ በምላጭ ሸንሽነው ለክፍሉ ሁሉ አካፈሉ፤ ለእኔ የደረሰኝ ልጣጩ ነው! ‹ተሸነፍኩ፤ የከርሞ ሰው ይበለን› ብለው ከልባቸው ሳቁ። የመጀመሪያዎቹ ዶሮዎቼ አልቀውብኝ ልተወው ስል፣ እንደገና ያስጀመረኝ ያ ሳቃቸው ነው።»

ያኔ አቶ ግርማይ እጃቸውን አወጡ። ሉቃስ ደነገጠ።

«እኔ ጥያቄ አለኝ፤» አሉ አለቃው ኮስተር ብለው። «ፍየሏ ፈተናውን አለፈች?»

እማማ ፈለቀች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። የሆቴሉ ሠራተኞች ለማታው ሠርግ ወንበር ማስተካከል ሲጀምሩ እንኳ የሚነሣ ሰው ጠፋ።

ሲወጡ ሉቃስ የእናቱን ክንድ ይዞ፣ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አላቸው።

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይልቅ ለልጆችህም ዛሬ እንዳወራኸው አድርገህ አውራላቸው፤» አሉት።

ወገኖቼ፣ ማስተማርም ሆነ ማረስ ማዕረግ ካልተጨመረበት የማይከበር ሥራ አይደለም። እናት አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ምን ተከሉ? ምን አልበቅል አላቸው? ምን አሳቃቸው? የነገሯችሁንም ሳታሳምሩ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ልጆች የሚወዱት እውነተኛውን ሰው ነው።