የጋሼ ቀኝ ዓይን

«ይሠራል?»

«ቢሠራ ኖሮ እዚህ ምን ያመጣዋል?»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። በውዳቂ ዕቃ ገበያ መሃል ጭቅጭቅ የሚመስል ቃል ጥሩ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። «አክስት» የምትባለው አለቃው ፌስታሉን አቀበለችው። ውስጡ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ፣ ዲስክ መቅጃ፣ የዲቪዲ ማቃጠያ አለ። የእሱ የሥራ ስም «መርፌ» ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከጠራው ሰው ዓመታት አልፈዋል።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለች፣ የቻርጀር ክምር እያገላበጠች። «ከጥገና ሱቃችሁ መስኮት ፊት ለፊት ያለው የመሥሪያ ቤቱ ጓሮ በር፣ ካሜራው። አራት ደቂቃ በሌዘር ይታወር።»

«ከዚያስ?»

«ሰውየው ገብቶ ወረቀቱን ያወጣል። የጸሐፊዋ ስም አለበት። አለቃዋ ካነበበው እሁድን አታያትም።»

ጸሐፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ምስጢር ስታቀብላቸው የኖረች ሴት ናት።

«ሌዘር ብትገዛ ገዢው ይታወቃል። ከዚሁ ውዳቂ ሥራው። ስትጨርስ ሌዘሩንም የማቃጠያውን ቅርፊትም እዚያው መስኮት ላይ ተዋቸው።»

«ለምን?»

«ትዕዛዝ ነው።»

ትዕዛዝ! ይቺን ቃል የፈጠራትን ሰው እግዜር ይይለት።

መርፌ ለሽፋን የያዘው ሥራ ረዳት ጠጋኝነት ነው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ዲቪዲ ማጫወቻ ሲፈታ ሲገጥም ሁለት ዓመቱ። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሼ ካቻቢቴ» ይላቸዋል፣ ካቻቢቴ፣ የብሎን መፍቻው፣ ከጆሯቸው ላይ ስለማይወርድ። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በቀኟ ብቻ፣ ማጉያ መነጽር ሰክተው፣ ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ ይበይዳሉ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ጧሪያቸው ያቺ አንዲት ዓይን ናት።

መርፌ ሱቅ ገብቶ ማቃጠያውን ሊፈታ ገለበጠው። እጁ ቆመ።

ብሎኑ ላይ የጋሼ ወረቀት ተለጥፏል።

ጋሼ ከፍተው የጠገኑትን ዕቃ ሁሉ ሲመልሱ፣ ብሎኑ ላይ ፊርማቸውና ቀኑ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋሉ። «ሌላው ነካክቶ አበላሽቶ በኔ እንዳያሳብብ» ይላሉ። ቀኑ የዛሬ ወር ነው፤ ማቃጠያው ያኔ እዚሁ ሱቅ ተጠግኖ ሄዷል ማለት ነው። ሰው ልካ ያስጠገነችው አክስት መሆን አለባት። ከወር በፊት! ቅርፊቱ ከነፊርማው መስኮቱ ላይ ሲገኝ ጋሼ ይታሰራሉ፣ ፍለጋው እዚያው ያበቃል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኼ ነው።

ወረቀቷን በጥፍሩ ፍቆ ዋጣት።

«ምንድነው የምትቆፍረው?» አሉ ጋሼ ከኋላው።

«ሌዘር ልሠራ ነው ጋሼ። ለጨዋታ።»

«ለተንኮል እንዳይሆን!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ጋሼ ሳቁ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሥራውን ነጠቁት። «መጀመሪያ የውሃ ቧንቧውን ንካ፣ አንተ! ሰውነትህ ላይ ያለችው ኤሌክትሪክ ብቻዋን ዳዮዷን ትገድላታለች።» ዳዮዷ፣ ብርሃኑን የምትተፋዋ ፍሬ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። እግሮቿን በመዳብ ክር ጠቅልለው በየዱ፣ ክሩን ፈቱ፣ እንዳትግል ነሐስ አለበሷት። ሌንስ ገጠሙ፣ ባትሪ አገናኙ። ቀይ ነጥብ ጥቁር ፕላስተር ላይ አረፈች፤ ጭስ ወጣ።

«ወይ ጉድ! ከውዳቂ!» ብለው አጨበጨቡ።

ወዲያው ሌንሱ ላይ ሊያጎነብሱ ሲሉ መርፌ ትከሻቸውን ያዘ። የማጫወቻ ጠጋኝ ሁሉ ልማድ ነው፤ ሌንሱ መቅላቱን ጎንበስ ብሎ በዓይን ማየት። የማጫወቻው ብርሃን ደካማ ነው፣ ምንም አይልም። ይቺ ግን ዲስክ የምታቃጥል ናት።

«ይተዉ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት ያየሁትን?»

ዓይን ታጠፋለች ቢል፣ «ታዲያ ለምን ሠራሃት?» ሊሉት ነው። ባትሪውን ነቅሎ ሌዘሩን ኪሱ ከተተ። ፈሪ!

በማግሥቱ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የብየዳ እርሳስ አልቋል ብሎ ዋሽቶ ወደ ገበያ ሸኛቸው። ሌዘሩን መስኮቱ ፊት በሞርሳ፣ በብረት መያዣው፣ አሰረ። ቀይዋ ነጥብ ካሜራው ላይ አረፈች።

ሰውየው በጓሮ በር ገባ።

አንድ ደቂቃ።

የሱቁ በር ተንኳኳ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነው።

መርፌ ፈገግ ብሎ ወጣ። «ምን ልታዘዝ ወንድሜ?»

«ይቺ ባትሪ አልበራ አለችኝ።»

«ተዋት፣ ከሰዓት ና።»

ዘበኛው ሄደ። መርፌ ሲዞር ጋሼ በጓዳ በር ገብተዋል። ማጉያ መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ ለሱ ነው የተመለሱት። መነጽሩን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሞርሳው ላይ አጎንብሰዋል።

«ጋሼ!»

ረፍዷል።

ጩኸታቸው አጭር ነበር። ሲወድቁ በክርናቸው ሞርሳውን ገፉት፤ ነጥቧ ከካሜራው ወረደች። ሰውየው ገና ውስጥ ነው።

ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

ወይ ጋሼን ያነሳል፣ ወይ ነጥቧን ይመልሳል። ጸሐፊዋን በዓይኑ እንኳ አይቷት አያውቅም። ነጥቧን መለሰ፤ ሌዘሩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ልጄ… መብራቱን ማን አጠፋው?»

መርፌ ሴኮንድ እየቆጠረ ነበር።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ትንሽ ይታገሱኝ አላቸው! የማለው እሱ፣ የጠፋው የእሳቸው ዓይን።

ሰውየው ወጣ። መርፌ ሌዘሩንና ቅርፊቱን በፌስታል ጠቀለለ፣ ጋሼን በክንዳቸው ይዞ ወጣ፣ ፌስታሉን መንገድ ላይ ክፍት ቱቦ ውስጥ ጣለው። ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሟ የዓይናቸው መሃል ተቃጥሏል፣ አይመለስም አለች። ምን እንደነካቸው ስትጠይቅ ጋሼ ቀደሙት። «ብየዳ ነው። የራሴ ጥፋት ነው።»

መርፌ ወደ ደጅ ወጣ።

አክስት የክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ወረቀቱ ተቃጥሏል። ጸሐፊዋ ተርፋለች። ዕቃው የታለ?»

«የለም።»

«አንድ ጥፋተኛ መገኘት አለበት መርፌ፤ አለዚያ ፍለጋው ጸሐፊዋ ጋ ይደርሳል። ሽማግሌው ካልሆኑ አንተ ነህ።»

«እኔ ልሁን። አታፍሪም ግን?»

«ዛሬውኑ ጥፋ፤ የጠፋውን ይፈልጉታል» አለች እንዳልሰማች ሆና። «እሳቸው ዘንድ ከታየህ ግን እሳቸውንም ይወስዷቸዋል።» አዲስ መታወቂያ እጁ ውስጥ አስገብታ ሄደች።

ለመጨረሻ ጊዜ ገባ። ጋሼ ዓይናቸው ታሽጎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮቴውን አወቁት።

«ስማ ልጄ። የዚያችን ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ለነገ ላደርስላት ቃል ገብቻለሁ። ማታ ያስወጡኛል። እኔ ብልሽቱን በጆሮዬ ለይቼ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትበይዳለህ። ያንተ ዓይን ለሁለታችን ይበቃል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። እንዳታረፍድ።»

«አላረፍድም።»

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሩቅ አገር የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ ያሉት እናት ጨዋታ ፈልገው ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁት።

«ሥራ የለኝም እናቴ» አላቸው።