ከማንኩሳ እስከ ሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት

እስቲ መልሱልኝ፤ በሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት ዓለምን ከጥፋት ያዳነች ልጅ በ1961 ዓ.ም. የራሷን ባል መምረጥ የሚያቅታት ለምንድን ነው?

አትቸኩሉ። ከመፍረዳችሁ በፊት መንገዱን ስሙ።

ዓባይነሽ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የቄስ ረዳ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ቤተሰቦቿ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ወደ ቡሬ በኩል ባለው ገጠር ይኖራሉ፤ የምትማረው ግን ፍኖተ ሰላም ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሁለት ሳምንት ስንቅ በስልቻ አዝላ ትመለሳለች። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ከተማ ስትገባ ትከሻዋ የራሷ አይመስላትም። ይህን ድካም «የትምህርት ፍቅር» እያሉ የሚያሞግሱ ሰዎች አሉ። ስልቻውን አንድ ቀን ቢያዝሉት ምስጋናቸው ያጥር ነበር።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ መንገዱ ገና ሳይጋመስ የስልቻው ጠፍር ተበጠሰ። ዓባይነሽ ስንቋ ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ አስባ ነበር፤ ግን ለማልቀስ እንኳ ደክሟት ነበር።

«ምነው እህቴ፣ እዚሁ ልታድሪ ነው?»

ቀና ስትል ከጎረቤት ክፍል የምታውቀው ልጅ ነው፤ ተስፋው፣ ቡሬ አጠገብ የሚያርሱት የአገዎቹ የእነ ቸኮለ ልጅ። እሱም ስንቅ አዝሏል።

«ጠፍሩ እንቢ አለኝ።»

ተስፋው ምንም ሳይል የሱሪውን ቀበቶ ፈታና ስልቻዋን አሰረላት። ከዚያ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ መንገዱን ቀጠለ።

«ወንድሜ፣ ሱሪህስ?»

«እሱን ለኔ ተይው። አንቺ ብቻ ወደ ፊት እያየሽ ሂጂ።»

ሳቀች። በዚያ መንገድ ላይ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ተስፋው አፍሮ፣ «ሳቂ ግድ የለም፤ በሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት ስንቅ የሚያዝል ተማሪ አይኖርም» አለ።

«ማን ሊያዝልለት?»

«አምስት ልጆች አሉ፣ በኛ ዕድሜ ያሉ። አንዱ እርምጃው ይባላል። ቀኝ እግሩን ቡሬ ላይ ካነሳ የሚያሳርፈው ፍኖተ ሰላም ነው።»

«ሱሪውን ይዞ?»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ አንድ እሑድ እሱ፣ አንድ እሑድ እሷ እየተቀበሉ ያወሩ ጀመር። በነሱ ሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት ላህ ወንዝ ሽቅብ ይፈሳል፤ ቡሬ ከደመና በላይ ተንጠልጥላ ገበያተኛው በብርሃን ገመድ ይወርድባታል። አምስቱ ልጆች የሰውን ድምፅ ከሚውጠው ዝምበል ከሚባል አውሬ ጋር ይዋጋሉ። አንዱ ተራራ ያዝላል፣ አንዷ በጆሮዋ ታያለች፣ አንዱ ዝናብ ይጠራል። አምስተኛዋን የፈጠረቻት ዓባይነሽ ናት፤ ጠያቂዋ አለቻት።

«ኃይሏ ምንድን ነው?»

«ሰው በተሰበሰበበት ከጠየቀች የተጠየቀው እውነቱን ሳይናገር መሄድ አይችልም።»

«ይቺ ከአውሬውም ትከፋለች!»

በጥር ተስፋው የሷን ስልቻ በራሱ ስልቻ ላይ ደርቦ ማዘል ጀመረ። በየካቲት አንድ እሑድ፣ በታሪካቸው ውስጥ እርምጃው ቆስሎ ወድቆ ሳለ ዓባይነሽ፣ «ጠያቂዋ አጠገቡ ተንበርክካ ትጠይቀዋለች» አለች።

«ምን ብላ?»

«ትወደኛለህ ወይ ብላ።»

ተስፋው ብዙ ተራመደ። ወደሷ አላየም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

«ታዲያ መመለስ ግዴታው አይደል?» አለ። «እወድሻለሁ ይላታል።»

ያን ቀን ትከሻዋ አላመማትም፤ እሱ ሁለት ስልቻ አዝሎ እንደነበር ትዝ ያላት ማታ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞ በቀጥታ ነገረችው።

«እንግዲያ ሽማግሌ ላክ።»

«ከፋሲካ በኋላ።»

ፋሲካ አለፈ። «ከፈተናው በኋላ» አለ።

አንድ የማንኩሳ የጨው ነጋዴ ግን «በኋላ» አላለም። ዓባይነሽን ለወንድ ልጁ ብሎ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ቄስ ረዳ ለመልሱ ቀን ቆረጡ፤ በግንቦት፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል በዋለ ማግስት፣ እሑድ።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው ቢኖርስ?» አለች ዓባይነሽ መሬት መሬት እያየች።

ቄሱ ወደሷ ዞሩ።

«ካለ በሩ ክፍት ነው ልጄ። ስሙን የማላውቀውን ሰው ግን ምን ብዬ ልጠብቅልሽ? እስከ እሑድ ነው ቃሌ።»

በዚያው ሰሞን የአማርኛው መምህር ገብረሰንበት ለበዓሉ ተውኔት የሚጽፍ ተማሪ ፈለጉ። ተስፋው የአምስቱን ልጆች ታሪክ ጽፎ ሰጠ። ከሥሩ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ የሱ። ዓባይነሽ ወረቀቱን ስታነብ አራት ልጆች ብቻ አገኘች። አምስተኛዋ ዝምበል ግንብ ላይ ያሰራት ምስኪን ሆና፣ አንድ ቃል ተሰጥቷታል፤ «አድኑኝ!» ይህንንም እንድትጫወት የተመደበችው ራሷ ናት።

«ጠያቂዋን የት አደረስሃት?»

«መምህሩ፣ ሴት ልጅ ታላላቆችን ስትጠይቅ ወላጆች ይቀየማሉ አሉ።»

«አንተስ ምን አልህ?»

ተስፋው ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አጠፈው።

«ሽማግሌውስ?»

«አባትሽ አባቴን ቢመልሱትስ? አባቴ ሰው ፊት ሲያፍር ማየት አልችልም። ትንሽ ታገሺ እንጂ።»

«ደክሞኛል፣ ተስፋው» አለች። «ያደከመኝ ስንቁ እንዳይመስልህ።»

ይሉኝታ የሚሉት ይህ ነው እንግዲህ! ወንዱ ላለማፈር ይጠነቀቃል፣ ሴቷ ደግሞ ለማታውቀው ሰው ትዳራለች። ደግሞም «ጨዋ ልጅ» ተብሎ የሚመሰገነው እሱ ነው።

ቅዳሜ ግቢው በሰው ሞላ። ቄስ ረዳ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከፊት ተቀምጠዋል። የተስፋው አባት አባ ቸኮለ ከኋላ ከግድግዳው ዘንድ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጀግኖች ጋቢ ከኋላቸው እያውለበለቡ፣ በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተለበጠ ቅል ደፍተው ወጡ፤ እርምጃውን የሚጫወተው ተስፋው ነው። ዝምበል ጥቁር ብርድ ልብስ ውስጥ የገቡ ሁለት ልጆች ነበሩ። ግንቡ የመምህሩ ጠረጴዛ ነው፤ ዓባይነሽ እላዩ ላይ ቆማለች።

ቃሏን የምትናገርበት ሰዓት ደረሰ። አልተናገረችም።

«አድኑኝ በይ!» አሉ መምህር ገብረሰንበት ከመጋረጃው ጀርባ። «ዓባይነሽ! አድኑኝ!»

ሕዝቡ ሳቀ። ዓባይነሽ ከጠረጴዛው ወረደች፤ በአውሬው አጠገብ አለፈች።

«ወዴት ነው?» አለ አንድ ድምፅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ገና አልሞትሁም እኮ!»

ሳቁ ገነፈለ። እሷ ግን መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ እስኪበርድ ጠበቀች። አባቷን አየች፤ ወደ ኋላ ግን አላለችም።

«ይህ ታሪክ የአምስት ልጆች ነው» አለች። «አምስተኛዋ ጠያቂዋ ናት። ታሪኩን የፈጠርነው ለሁለት ነው፤ በየእሑዱ፣ ስንቅ አዝለን። ወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ። ነገ ደግሞ እኔ ለማላውቀው ሰው መልስ ይሰጣል።»

ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። እርምጃው ብላ አልጠራችውም።

«ተስፋው ቸኮለ!»

የተስፋው ቅል ወደ ዓይኑ ተንሸራተተ። በአንድ እጁ ያዘው፤ ያን የኅዳር እሑድ ሱሪውን ይዞ እንደሄደው ሁሉ። ልቧ ሊሸነፍ ጥቂት ቀረው።

ቄስ ረዳ ብድግ አሉ። ሁሉም ሊቆጡ ነው ብሎ ጠበቀ። ቄሱ ግን የሚንሾካሾኩትን በእጃቸው ዝም አሰኙ። ከኋላ አባ ቸኮለ ዱላቸውን ትተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ተስፋው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«ዓባይነሽ... እባክሽ፣ በኋላ...»

«በኋላ የሚባለውን ተሸክሜ ደክሞኛል» አለች። «አባትህ እዚህ ናቸው። አባቴም እዚህ ናቸው። ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ አትልክም? ለኔ አታንሾካሹክ። ወደ ሕዝቡ ዙር፣ ቅሉን አውልቅ፣ ሁሉም ይስማህ፤ መልስ!»