አረንጓዴ ክር ያለበት መጽሐፍ

«እዚህ ሱቅ ውስጥ እኔ የማላውቀው መጽሐፍ ከተገኘ ስሜን ቀይሩት!» አለች ልጅቷ፤ በርጩማ ላይ ቆማ፣ የአቧራ መጥረጊያውን እንደ ማይክሮፎን ይዛ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው በሩን ተደግፎ ሳቀ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈሮቹ መሀል ስፒሎች ይዟል። ሰውየው ሲስቅ ልጅቷ ሁሌም አንዱን እንዳይውጠው ትሰጋለች።

«እሺ ዶክተር፣ ለኔስ ዛሬ ምን ታዢልኛለሽ?»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ለጋሼማ ክላሲክ ነው የሚሆነው። ወፍራም፣ የቆየ፣ ጠርዙ የተበላ። ልክ እንደርስዎ።»

«አፍሽ!»

ከመሀለኛው መደርደሪያ አንዱን መዘዘችለት። የጀርባውን ጽሑፍ በጨረፍታ አይታ፣ «ስለ አንድ ዳኛ ነው» አለችው። «መጨረሻ ላይ እውነቱ ይወጣል።»

«አንብበሽዋል?»

«ክሩን አያዩም እንዴ ጋሼ?»

ክሩ የአክስቷ ሕግ ነው። ሱቁም የአክስቷ ነው። አንድ ክፍል ናት፤ በቀኝ መንፈሳዊ መጻሕፍት፣ ፊት ለፊት ክላሲክ፣ በግራ መስኮቱ ሥር ታሪክና ታሪካዊ ልቦለድ። አክስቷ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችውንና ለሰው ብትሰጠው የማታፍርበትን መጽሐፍ ስታገኝ በገጾቹ መሀል አረንጓዴ ክር ታስገባለች፤ ጫፉን ወደ ውጭ ትተወዋለች። ደንበኞች ይህን ያውቃሉ። ግማሾቹ ርዕሱን እንኳ አያነቡም፤ «ክር ያለው ስጪኝ» ይላሉ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቁን በከፊል ለእህቷ ልጅ ስታስረክብ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ክር ማለት ቃል ነው። ባላነበብሽው ላይ ክር እንዳታስገቢ።»

ልጅቷ ግን መደርደሪያውን ስታየው ራሰ በራ መሰላት። እዚህ አንድ ክር፣ እዚያ አንድ ክር። በዚህ አካሄድ ማን ይገዛል? ስለዚህ የራሷን ዘዴ ፈጠረች። የጀርባ ሽፋኑን ማየት፣ የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ፣ ማውጫው ላይ ዓይን ጣል ማድረግ። መንፈሳዊውማ ይህም አላስፈለገውም። «ሰውየው ይቸገራል፣ ይጸልያል፣ ይጽናናል፤ ምኑ ይነበባል?» ብላ ደምድማለች። ሙሉውን ድውር ክር ቆራረጠችና በየመጽሐፉ ወሸቀችው። ብዙም ሳይቆይ መደርደሪያው ሣር የበቀለበት መሰለ። አክስቷ ጠዋት ጠዋት ያገለገሉ መጻሕፍት ፍለጋ ስለምትወጣ፣ ከሰዓት ስትመለስም ደክሟት ስለምትቀመጥ፣ ልብ አላለችውም።

ደግሞ ሠርቶላታል። ማንም ተመልሶ መጥቶ አልተጣላትም። ምክንያቱንም ደርሳበታለች። ሰው ጫማ ቢጠበው ይመልሳል፤ መጽሐፍ ቢጠበው ግን ራሱን ነው የሚጠረጥረው።

ልብስ ሰፊው ዳኛውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ፣ ሻማ ገባች። ሻማ የክፍሏ ልጅ ናት። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ነው ሻማ የተባለችው፤ እሷም ለምዳዋለች። ዛሬ ግን ሰላም እንኳ አላለችም።

«የሚመለስበት ስጪኝ» አለቻት።

«ምን የሚመለስበት?»

«ሰው። ርቆ የሄደ ሰው መጨረሻ ላይ ቤቱ የሚመለስበት መጽሐፍ። ለእማዬ ላነብላት ነው።»

የሻማ ወንድም የጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። በየእሑዱ ይደውል ነበር። ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና በፊት ጀምሮ ግን ድምፁ ጠፍቷል፤ ስልኩም አይጠራም። እናቷ ጸጉር ቤታቸውን ዘግተው፣ መጋረጃውን ጋርደው ተኝተዋል።

«ጎረቤቶች መንፈሳዊ መጽሐፍ አምጥተውላት ነበር» አለች ሻማ። «‹ከእግዚአብሔር ጋር ለጊዜው ተኳርፈናል› ብላ መለሰችላቸው። እኔ ‹ይመጣል› ብላት አትሰማኝም። ከመጽሐፍ ብትሰማው ግን...»

እዚህ ላይ «አላውቅም፤ አክስቴን ልጠይቃት» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ግን አፏ ሁሌም ይቀድማታል። እጇ በግራ በኩል ካሉት ታሪካዊ ልቦለዶች «የድልድዩ ጠባቂ» የሚለውን አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ወጣት ድልድይ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ቤት ነው። የጀርባው ጽሑፍ እናቱን ትቶ ስለ ዘመተ ልጅ ያወራል። ክሩንም ያስገባችው ራሷ ናት።

«ይኸው። እናት አለች፣ ልጅ አለ፣ ጦርነት አለ።»

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል!»

«በናትሽ እውነቱን ንገሪኝ፤ ይመለሳል?»

«አቦ፣ እኔን አታምኚኝም? ክሩን እያየሽ?»

ሻማ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሻማ በየቀኑ ብቅ እያለች ታወራት ጀመር። ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ ያነባሉ። መጀመሪያ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚሰሙት። ቀጥሎ አንዷን ገጽ ድገሚልኝ አሉ። ቀጥሎ መጋረጃው ተከፈተ። አንድ ቀን ደግሞ ማበጠሪያ ጠየቁ።

«ትናንት እራቷን ጨረሰች!» አለች ሻማ። «‹ይመጣል፤ ይሄ ልጅ እናቱን አያስቀርም› እያለች። ሁለት ምዕራፍ ነው የቀረን። ነገ ማታ እንጨርሰዋለን።»

ለልጅቷ ደስታ ሱቁ አልበቃ አለ። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ሠራ!» ብላ ጮኸች።

በማግስቱ አክስቷ መጽሐፍ ልትደረድር መጣችና መስኮቱ ሥር ቆመች። «የድልድዩ ጠባቂ» ሁለት ቅጂ ነበረው።

«አንደኛው የት ሄደ?»

«ለሻማ ሰጠኋት። ለእናቷ ታነብላቸዋለች።»

የአክስቷ እጅ ባለበት ቀረ። «ልጃቸው ለጠፋባቸው ሴትዮ?»

«አዎ። ተስፋ እንዲሆናቸው...»

«ምን ያለ ተስፋ ነው! ልጁ ይሞታል እኮ!»



«እኔ አንብቤው ክር ያላስገባሁበት ለምን መሰለሽ?» አለች አክስቷ። «አንጀት ይበላል። ይህን ለማን ደፍሬ እሰጣለሁ ብዬ ነው።» ከዚያ ሁለተኛውን ቅጂ አንስታ ጫፉ የወጣውን ክር አየች። ዓይኗ በመደርደሪያው ላይ ቀስ ብሎ ተጓዘ፤ በሣሩ ሁሉ ላይ።

ልጅቷ ወደ ጎረቤት ሮጠች። «ጋሼ፣ መቀስ ያውሱኝ።»

«ለምን?»

«አንድ ነገር ላሳጥር ነው።»

«ልብስ ከሆነ እኔ አለሁ አይደል?»

«መጽሐፍ ነው። መጨረሻው ረዘመ።»

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። «ሱሪ ሲቆረጥ እግሩ ያስታውቃል፣ ልጄ። ሴትዮዋ የቀረው የት ሄደ አይሉሽም?»

መቀሱን አልወሰደችም። ሁለተኛውን ቅጂ ይዛ ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠች። ምናልባት አክስቷ ተሳስታ ይሆናል። ምናልባት ቆስሎ ይተርፍ ይሆናል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ደንበኛ ሲመጣ አክስቷ አስተናገደች፤ እሷ ቀና አላለችም። ልጁ ደፋር ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ እናቱን በቅጽል ስም ነው የሚጠራት። እየወደደችው ስትሄድ ፈራች። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ ልጁ ሞተ። ገጹን ገልብጣ ደግማ አነበበችው። አሁንም ሞተ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበችው አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነው። በሕይወቷ ጨርሳ የዘጋችው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነበር። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ጥቂት ቀርቷታል። ሻማ ማንበብ ሳትጀምር መድረስ አለባት።

ከእነሻማ መኖሪያ ፊት ያለው ጸጉር ቤት አልተቆለፈም ነበር፤ ገፋ አድርጋ ገባች። የጸጉር ማድረቂያው ላይ አንሶላ ተጥሎበታል። የሻማ እናት የደንበኛ ወንበር ላይ፣ መስታወቱ ፊት፣ ነጠላ ጫማ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸው ተበጥሯል። ሻማ አጠገባቸው መጽሐፉን ገልጣለች።

«ነይ፣ ነይ ልጄ» አሉ እናት። «ልጁ ሊመጣ ነው፤ አብረሽን ስሚ።»

ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ እኔ... አላነበብኩትም ነበር።»

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። ይመለሳል ያልኩት ሽፋኑን አይቼ ነው። ዛሬ ነው ያነበብኩት። ልጁ አይመለስም።»

ሻማ ቀስ ብላ ተነሳች። «ውጪ» አለቻት። «ከቤታችን ውጪ!»

ልጅቷ አልወጣችም፤ መውጣቱም ጠፍቷት ነው። እናትየው ሁለቱንም አላዩም። መስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት ነበር የሚያዩት፤ ብዙ ጊዜ ያላዩትን ሰው እንደሚያይ ሰው።

«እናቱስ?» አሉ በመጨረሻ።

«እ?»

«እሱን ስንጠብቅ እሷን ማንም አልጠየቃት። ምን ሆነች? መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠች ቀረች?»

ይህን ጥያቄ ከሽፋን ላይ መመለስ አይቻልም። እሷ ግን ታውቀዋለች።

«አልቀረችም፣ እትዬ። ተነስታ ድልድዩ ድረስ ትሄዳለች። ከጦርነት የሚመለሰውን ሁሉ እያስቆመች ስለ ልጇ ትጠይቃለች።»

«በዚያ በሚያማት እግር?»

«በዚያ እግሯ። አብሮት የነበረውን እስክታገኝ ድረስ። ካገኘችው በኋላም ወደ ቤት አትገባም። እዚያው ሆና ለሚያልፉት ውሃ ትሰጣለች፤ ስማቸውን ትጠይቃለች። ማንም ድልድዩን ብቻውን እንዳይሻገር።»

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ አልጠየቅሁም» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «የመርከቡ ድርጅት ቢሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። አንድ ቀን አልሄድኩም። ሄጄ ‹የለም› ቢሉኝስ እያልኩ... አልጋዬ ላይ ስፈራው ከረምኩ።»

ሻማ፣ «እማዬ...» አለች።

«ተይ፣ ልጄ። አንቺ ደክሞሻል።» በጣታቸው በርጩማውን አሳዩ፤ ለሻማ ሳይሆን ለሌላኛዋ። «አንቺ ምላሰኛ፣ ቁጭ በይና የቀረውን አንብቢልኝ። አውቄው ልስማው።»

አነበበች። ድምጿ እንደ ጀማሪ አሽከርካሪ መኪና እየዘለለ ነበር። ሻማ ጀርባዋን ሰጥታ በሩ ጋ ቆማለች። በመጽሐፉ ውስጥ እናቲቱ ድልድዩ ላይ ስትደርስ ግን ወለሉ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ከዚያ ሻማ ከእናቷ ወንበር ሥር ተቀምጣ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ክሮቹን መንቀል ጀመረች። ከመንፈሳዊው፣ ከክላሲኩ፣ ከታሪኩ። አክስቷ ከባንኮኒው ሆና፣ የራሷ የሆኑትን ብቻ «እሱን ተዪው» እያለች ተመለከተቻት። የተነቀለው ክር ተጠቅልሎ ቡጢ አከለ። አንዲት ዘማሪ ሴትዮ መጥተው፣ «ይሄ ጥሩ ነው?» ብለው አንዱን ሲያነሱ፣ «አላነበብኩትም» አለቻቸው። ጥርስ እንደመነቀል ነበር። ሁለተኛው ደንበኛ ላይ ትንሽ ቀለላት።

ልብስ ሰፊው ግን መጽሐፉን እያወዛወዘ ገባ። «ዶክተር! እውነቱ ይወጣል አላልሽም? ዳኛው እውነቱን ይዞ ሞተ እኮ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላነበብኩትም ነበር። ገንዘብዎን...»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? ሁለት ሱሪ አበላሽቼ ነው የጨረስኩት፤ ግሩም ነው! ሌላ የጻፈው አለ?»

አመሻሹ ላይ የቀረውን «የድልድዩ ጠባቂ» አንስታ ለአክስቷ አሳየቻት። «ይህን አንብቤዋለሁ። ላስገባበት?»

አክስቷ አሰብ አደረገች። «ለሚጠይቅሽ ሰው ልጁ እንደሚሞት ትነግሪዋለሽ?»

«እነግረዋለሁ።»

«አስገቢ።»

ሻማ ለብዙ ቀን አልመጣችም። መንገድ ላይ ሲተያዩም ታልፋት ነበር። አንድ ከሰዓት ግን መጽሐፉን ይዛ ገባችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ ቢሮው ሄዳ ነበር» አለች፤ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳታነሳ። «በመጀመሪያው ቀን መለሷት። በሁለተኛውም መለሷት። በሦስተኛው በራቸው ላይ ቁጭ አለች። መርከቡ ተበላሽቶ ሩቅ ወደብ ላይ ቆሟል አሏት። ሠራተኞቹ ደህና ናቸው፤ ስልክ ግን የላቸውም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ገና አልደወለም። ጸጉር ቤቱን ግን ከፍታለች።»

ልጅቷ ልትስቅም ልታለቅስም ምንም አልቀራት።

«ሌላ መጽሐፍ አምጪ ብላኛለች» አለች ሻማ። «አንድ ታሪካዊ፣ አንድ ደግሞ መንፈሳዊ። ‹ኩርፊያው ይበቃል› ብላለች።»

የልጅቷ ደረት ወዲያው ተነፋ። ዘላ በርጩማው ላይ ወጣች። «እንግዲህ እኔ አሁን የድሮዋ አይደለሁም! አንብቤ ነው የማማክረው። በነገራችን ላይ አንድ አንባቢ መንፈሳዊ መጽሐፍ ሲመርጥ፣ በመጀመሪያ ደረጃ...»

«አንድ መጽሐፍ ነው ያነበብሽው» አለች ሻማ። «ውረጂና አክስትሽን ጥሪልኝ።»