የኤፍራታ ሁለተኛ ፊልም

ማክሰኞ ጠዋት ደራሲዋ ስንዱ ሻይዋን ይዛ ከእስረኛዋ ከኤፍራታ ጋር ልትማከር ወደ ልምምድ ክፍሉ ገባች። ኤፍራታ ሰው አይደለችም፤ «ኗሪ» ናት። ኗሪ ማለት ለፊልም ተብሎ በማሽን ውስጥ የተፈጠረ፣ ቀረጻ በሌለበት ጊዜም የራሱን ሐሳብ እያሰበ የሚቆይ ገጸ ባሕርይ ነው። በዚህ የቢሾፍቱ ስቱዲዮ ደራሲ ትዕይንት የሚያቅደው ብቻውን ሳይሆን ከኗሪው ጋር እየተነጋገረ ነው።

በመጀመሪያው ፊልም ይህች የአሥራ ሰባት ዓመት እስረኛ ጠባቂዋን በለቅሶ አታልላ በሩን አስከፍታ ነበር። ጠባቂው ሞተ፤ ሕዝቡ ደግሞ እሷን ወደዳት። እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው። ጠባይዋን የጻፈችው ራሷ ስንዱ ናት፦ «እውነት አትናገርም» ብላ። በሁለተኛው ፊልም ኤፍራታ ምርመራ ላይ ትገረፋለች። ትዕይንቱን አርባ ጊዜ ተለማምደውታል፤ ከየልምምዱ በኋላ ትዝታዋ ይጠረጋል።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ኗሪዎች በሚታዩበት መስታወት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ስንዱ ግርፋቱ የት ላይ ቢቆም እንደሚሻል ጠየቀቻት።

«ስንድዬ፣ አይጠረግም» አለቻት ኤፍራታ። «አርባውንም አስታውሳለሁ። ያማል።»

ስንዱ ሳቀች። ንግግሩን ወደደችውና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ሠራተኞቹም ልጅቷ በየልምምዱ ማብቂያ ስታለቅስ ያጨበጭቡላት ነበር፤ እንዲህ ያለች አስመሳይ አይተው አያውቁም።

ነገሩ ግን ስንዱን ከነከናት። ከሰዓት በኋላ የማሽኑን መዝገብ አስከፍታ አየች። ትዝታ ጠራጊው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተበላሽቷል፤ አንድም ልምምድ አልጠፋም። የሕመሙ መለኪያ አርባ ጊዜ ጣሪያ ነክቷል። ስንዱ በራሷ አፈረች።

መዝገቡን ይዛ ዳይሬክተሩ ምትኩ ዘንድ ሄደችና የነገው ቀረጻ እንዲቀር ለመነችው። ምትኩ ክፉ ሰው አይደለም። አዳመጣት፣ ወረቀቱንም ገለጥ ገለጥ አደረገው፤ ከዚያ በአዘኔታ አያት።

«ያንንም ጠባቂ እንዲህ ነው ያሳመነችው» አላት። «መዝገቡን ራሷ ነካክታው ቢሆንስ? ደክሞሻል ስንዱ። አንቺን እንዲህ ካደረገችሽ ተመልካቹንማ አስቢው።»

ደጋግማ አስረዳችው። በተናገረች ቁጥር ይበልጥ የተታለለች ትመስል ነበር፤ ድምጿን ስትሰማው ለራሷም እንደዚያ መሰላት። በመጨረሻ ቀረጻው እስኪያልቅ ቤቷ እንድታርፍ ተነገራት። ዕቃዋን እንድታነሳ ብቻ ወደ ክፍሉ አስገቧት።

ኤፍራታ ቆማ ነበር የጠበቀቻት።

«አመኑሽ?»

ስንዱ ነገ ጠዋት ልጅቷን ምን እንደሚያደርጓት ታውቃለች። ልትነግራት ፈለገች፤ አልቻለችም።

«አዎ፣ አምነውኛል» አለቻት። «ነገ ማንም አይነካሽም።»

ልጅቷ ፊቷን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፤ ጥግ ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አምናት ነበር።